ጠገራ ብርና የምኒልክ ብር፦ ሐሰተኛውን መለየትና የደረጃ ሰጪ ድርጅቶችን ቃል መመዘን

ጅማ ውስጥ ለሽያጭ የሚወጣው አሮጌ ገንዘብ ዓይነቱ ብዙ አይደለም። ጠገራው ማርትሬዛ አለ፤ የምኒልክ ብር ከነአላዱ (ግማሹ)፣ ከነሩቡና ከነግርሹ (ሃያኛው) አለ፤ የጃንሆይ የ1923 ኒኬሎችና የ1936 ዓ.ም. ሽልንግ አሉ። እዚህ በሰፊው የምናየው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። ሐሰተኛው የሚበዛው በእነሱ ላይ ነው፤ "አሜሪካ ልኬ ደረጃ ላሰጠው?" የሚለው ጥያቄም የሚነሣው ስለ እነሱ ነው።

መልሱን ከመነሻው እንናገር። ኪስ የምትገባ ሚዛን፣ ስፋትና ውፍረት የሚለካ አንድ ካሊፐር፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና አንድ ብርጭቆ ውኃ ያለው ሰው እውነተኛነቱን በአብዛኛው እቤቱ ተቀምጦ ይጨርሳል። ሳንቲም መርምረው፣ ደረጃውን በቁጥር ሰጥተው በፕላስቲክ የሚያሽጉት የአሜሪካ ድርጅቶች የሚጠቅሙት ከዚያ በኋላ ነው። የሚሰጡት መልስም ሁለት ነው፦ "እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም" እና "ደረጃው ስንት ነው"። በመጀመሪያው ላይ ቃላቸው ጠንካራ ነው፣ በሁለተኛው ግን የሚሰጡት አስተያየት ነው። ገዢዎች ሁለቱን ቀላቅለው ስለሚያዩ ነው ገንዘባቸውን የሚያጡት።

ስለ ጠገራው አንድ ነገር አስቀድሞ መጥራት አለበት። በላዩ የተጻፈው 1780 የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በፕራግ፣ በሚላን፣ በቬኒስ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ የመምቻ መብቱን ከኦስትሪያ ለ25 ዓመት ወሰደና ሮም ውስጥ ማስመታት ጀመረ። ገበሬውና ነጋዴው የወረቀት ሊሬ አልቀበልም ስላለ ለወረራው ጠገራ አስፈልጎት ነበር። እንግሊዝም በ1936 ለንደን ውስጥ የራሷን መምታት ጀመረች፤ በፓሪስ፣ በብራሰልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃምም ተመታ። ጣሊያን ጅማን የአንድ ትልቅ ግዛት ዋና ከተማ አድርጎ ስለነበርና ቡናም እዚህ ስለሚገዛ፣ በአካባቢያችን ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ጠገራ የሮም ሥራ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

ስለዚህ ሻጭ "ይሄ እኮ ከ240 ዓመት በላይ ነው፣ ቁጥሩን እይ" ሲል ውሸት እየተናገረ ላይሆን ይችላል፤ ቁጥሩን አምኖ ነው። በ1930ዎቹ ሮም ወይም ለንደን የተመታ ጠገራ ሐሰተኛ አይባልም፤ ብሩ ያው ነው፣ ክብደቱ ያው ነው፣ በመንግሥት መምቻ ቤት የተመታ ነው። በእውነት በ1780 የተመታ ግን ሌላ ዋጋ ያለው፣ በጣም ጥቂት የሆነ ነገር ነው። "ድጋሚ ምት" እና "ሐሰተኛ" ለየብቻ ይያዙ።

የአባ ጅፋር ወሬም አለ። "ከጅሬን ግምጃ ቤት የወጣ ነው" የሚባል ጠገራ በየጊዜው ይመጣል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል፣ የሂርማታ ገበያም በጠገራ የሚገበያይ ትልቅ ገበያ ነበር። ወሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን በጽሑፍ ያልተያዘ ታሪክ በሳንቲሙ ዋጋ ላይ አንድ ሳንቲም አይጨምርም፤ አንድን ጠገራ ከሌላው የሚለይ ምልክት ከጅሬን ይዞ አይወጣምና።

ሚዛኑ

ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈው ኪስ ውስጥ ይያዙ። ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ መምቻ ቤቱ ከ39.5 እስከ 41 ሊደርስ ይችላል። ውፍረቱ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው፤ ይህ ማለት በአንዱ ጠገራ ውስጥ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ። የምኒልክ ብር ደግሞ ሆን ተብሎ በጠገራው ልክ ስለተሠራ 28.075 ግራም ይመዝናል፣ ንጥረቱ ከሺህ 835 ነው። አላዱ 14.04፣ ሩቡ 7.02፣ ግርሹ 1.40 ግራም ነው።

መቶኛ ግራም የምታነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ግን አሥረኛ ግራም የምታነበው የቡና ናሙና ሚዛንም ትበቃለች፤ እሷ ደግሞ በጅማ አትጠፋም። ጠረጴዛው የተስተካከለ ይሁን፣ መስኮቱን ይዝጉ፣ ሦስቴ ይመዝኑ። ባትሪዋ የደከመ ሚዛን የማይረባ ቁጥር በልበ ሙሉነት ስለምትናገር በየጊዜው በታወቀ መመዘኛ ብረት ይፈትሿት። ወርቅ ቤት ገብቶ "እባክዎ ይመዝኑልኝ" ማለትም ነውር የለበትም።

በመጠኑ ያረጀ እውነተኛ ጠገራ ብዙውን ጊዜ ከ27.6 እስከ 28.1 ይወድቃል። በጣም የተላጠው ከዚያ ሊወርድ ይችላል፤ ነገር ግን ሲወርድ ፊቱም አብሮ መላጥ አለበት። ፀጉሩና የትከሻ ጌጡ ቁልጭ ብለው እየታዩ 26 ግራም የሚመዝን ጠገራ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው።

ሐሰተኛው የሚያዘው እዚህ ጋ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ብሩ ከመዳብና ከኒኬል ድብልቅ ወይም ከነሐስ ይከብዳል። ስፋቱንና ውፍረቱን አስተካክሎ በመዳብና ኒኬል የሠራው ሰው 24.5 ግራም ገደማ ላይ ይቀራል፤ በቢጫ ነሐስ ከሠራው 23.5 አካባቢ ነው። ክብደቱን ላሟላ ካለ ደግሞ ማወፈር አለበት፤ 2.5 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 2.9 ይደርሳል። ከሁለት አንዱ ላይ ይያዛል ማለት ነው። ካሊፐሩን በሁለት አቅጣጫ ይለኩበት፤ ጠርዙ ላይ ሲለኩ ደግሞ ፊደሎቹን እንዳይጭር ቀስ ይበሉ።

የውኃው ፈተና

ከሁሉም የበለጠ የምናምነው ይህን ነው። ጥሩነቱም በቤት ውስጥ ባለ ዕቃ መሠራቱ ነው።

አንድ ቀላል የፕላስቲክ ኩባያ ሁለት ሦስተኛውን በውኃ ሞልተው ሚዛኗ ላይ ያስቀምጡ። በውኃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ፤ የአየር አረፋ ከሳንቲሙ ጋር እንዳይጣበቅ ይከላከላል። ከዚያ ሚዛኗን ዜሮ ያድርጓት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር፣ ናይሎን ቢሆን ይሻላል፣ አስረው ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ያንጠልጥሉት። ታችኛውንም ጎኑንም አይንካ፤ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ክሩን እንጨት ላይ አስረው እንጨቱን በሁለት ብርጭቆ መካከል ማጋደም ይበጃል። ሚዛኗ አሁን የምታሳየው ቁጥር የሳንቲሙ ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር ያካፍሉ።

እውነተኛ ጠገራ ወይም የምኒልክ ብር 2.75 አካባቢ ያሳያል። 28.05 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይመጣል፤ የብርና የመዳቡ ድብልቅ ጥግግት ይኸው ነው። ክብደቱ 28 የሆነ የመዳብና ኒኬል ሐሰተኛ 3.15 ያሳያል፣ ነሐሱ 3.30። እርሳስ የተቀላቀለበት በተቃራኒው ወደ 2.5 ይወርዳል። ከ10.0 እስከ 10.3 የወጣውን እንቀበላለን። ንባቡ በ0.05 ከተሳሳተ ውጤቱ በ0.18 ገደማ ስለሚዛባ፣ 9.9 የወጣን ሳንቲም ከመጣልዎ በፊት አረፋውን አራግፈው ደግመው ይለኩ። 9.2 ከወጣ ግን መድገሙ ጊዜ ማባከን ነው።

የዚህ ፈተና ትልቁ ጥቅም በእኛ አገር ነው። ብዙ ጠገራ የአንገት ጌጥ ሆኖ ኖሯል፤ ተበስቷል፣ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፣ ከድሪ ተፈትቷል። የተበሳ ሳንቲም ክብደቱ ስለሚጎድል በሚዛን ብቻ ሐሰተኛ ይመስላል። ጥግግቱ ግን በቀዳዳ አይለወጥም፤ ብሩ ሲቀንስ ይዘቱም አብሮ ይቀንሳልና። 26.8 ግራም የሚመዝን የተበሳ ጠገራ 10.2 ካወጣ ብሩ ትክክል ነው።

የማይሠራበት ቦታም አለው። ግርሽ ላይ አይሞክሩት። 1.40 ግራም የሆነ ሳንቲም ይዘቱ 0.14 ብቻ ስለሆነ የመቶኛ ግራም ስህተት 10.2ቱን ወደ 9.3 ወይም ወደ 10.8 ይወረውረዋል። ለግርሽ መነጽር ነው ዳኛው። ሁለተኛው ድካሙ፣ በጥሩ ብር የተሠራ ሐሰተኛን ማጋለጥ አለመቻሉ ነው። ሰባራ ጌጥ አቅልጦ ብርቅ ዓመት ያለበት የምኒልክ ብር የሠራ ሰው የውኃውን ፈተና ያልፋል፤ ያኔ ወደ ፊቱና ወደ ጠርዙ መሄድ ግድ ነው።

ማግኔትና ድምፅ ቶሎ የሚያልቁ ናቸው። ማግኔት የያዘው ጠገራ ብረት አለበት፣ ይጣል። ያልያዘው ግን ገና አልዳነም፤ ነሐስም እርሳስም ማግኔት አይዛቸውም። የ1923 ዓ.ም. የጃንሆይ ባለ 10፣ ባለ 25 እና ባለ 50 መቶኛ ሳንቲሞች ደግሞ ከኒኬል የተሠሩ ስለሆኑ ማግኔት ሊይዛቸው ይገባል፤ ያልያዘው ነው የሚጠረጠረው። ድምፁን በተመለከተ፣ ሳንቲሙን በጣት ጫፍ ሚዛኑን ጠብቀው ይዘው በእርሳስ እንጨት ቢነኩት ብር ቀጭንና ረጅም ድምፅ ይሰጣል። ማንጠልጠያ የተበየደበት ወይም የተሰነጠቀ እውነተኛ ብርም ድምፁ ይደነዝዛልና በድምፅ ብቻ አይፍረዱ። ድንጋይ ላይ መወርወሩን ደግሞ ይተዉት፤ ጠርዙ ላይ የሚያስቀረው ጉድጓድ ዋጋውን ይዞ ይሄዳል።

አሲድ አንመክርም። አንጥረኛው የሚጠቀምበት የብር መፈተኛ በጥሩ ብር ላይ ወደ ደም ቀለም ይቀየራል፣ ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን የሚቀረው ነጠብጣብ ዘላቂ ነው፤ ከላይ ብቻ በወፍራሙ ብር የተለበጠውንም ሳይፋቅ አያጋልጠውም። ሽጉጥ የሚመስለው የጨረር መመርመሪያም የሚያነበው የላዩን ስስ ሽፋን ነው። አሮጌ ብር ላይ መዳቡ ከላዩ ስለሚሸሽ መሣሪያው ከ833 ከፍ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ሳንቲሙን ሐሰተኛ አያደርገውም።

ጠርዙ፣ ከዚያ ፊቱ

የጠገራው ጠርዝ ላይ "ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ" የሚል የላቲን ጽሑፍ፣ በመካከሉ ጌጥ ያለበት፣ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ይገኛል። የምኒልክ ብር ጠርዝም "ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር" ይላል። የጠገራው ጠርዝ ልሙጥ ወይም እንደ ዛሬ ሳንቲም ጥርስ ብቻ የሆነ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ፊደል ኖሮ ወደ ውስጥ የተጻፈ ከሆነም እንዲሁ።

ጣትዎ ላይ እያዞሩ በመነጽር ሲመለከቱ ሁለት ዓይነት መስመር ሊያገኙ ይችላሉ። ጠርዙን እንደ ቀበቶ ዙሪያውን የሚሄድ መስመር፣ ወይም መስመሩን ለማጥፋት የተሞረደ ቦታ፣ በሁለት ግማሽ ቅርጽ መካከል ቀልጦ የፈሰሰ ሐሰተኛ ምልክት ነው። ከላይ ወደ ታች ጠርዙን የሚያቋርጥ ቀጭን መስመር ግን ሌላ ነው። ወጣ ያለ የጠርዝ ጽሑፍ ያላቸው ሳንቲሞች በክፍልፋይ ቀለበት ውስጥ ሲመቱ የክፍሎቹ መጋጠሚያ እንዲህ ያለ ምልክት ይተዋል፤ አያስደንግጥዎ።

በላይኛው በኩል፣ 12 ሰዓት ቦታ ላይ፣ የጠርዙ ጽሑፍ የጠፋበት ወይም ቀለሙ የተለየበት ስፍራ ካለ ማንጠልጠያ የተነቀለበት ነው። ሻጮች ይህን በልስላሴ ይሸፍኑታል። ሳንቲሙ እውነተኛ ነው፣ ዋጋው ግን የጌጥ ዋጋ ነው።

ፊቱ ላይ ሲመጡ መነጽሩን ፊደሉ ከሜዳው (ምስልም ጽሑፍም ከሌለበት ልሙጥ ቦታ) ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ላይ ያሳርፉ። የተመታ ሳንቲም እዚያ ላይ ጥርት ያለ ማዕዘን አለው። የቀለጠ ሐሰተኛ ማዕዘኑ የተሞላ፣ ሳሙና የተቀባበት ይመስላል፤ ሜዳው ላይም ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ወይም ብጉሮች ይታያሉ፤ የብረቱ አየር ያስቀራቸው ናቸው። ጠገራው ላይ ከንግሥቲቱ ምስል ሥር "ኤስ. ኤፍ." የሚሉ ሁለት ፊደላት፣ ጀርባው ላይ ከ1780 ቀጥሎ አንድ ትንሽ ጠማማ መስቀል መኖር አለበት። አባቶች የትከሻ ጌጡን ሉሎች ይቆጥሩ ነበር። ዘዴው መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ሉሎቹ ከፍ ብለው ስለሚወጡ ቀድመው የሚላጡት እነሱ ናቸው፤ እውነተኛውን ያረጀ ጠገራ የሚያስጥልም ዘዴ ነው።

በምኒልክ ብር ላይ ግን የአማርኛ አንባቢ ማንም የውጭ ባለሙያ የሌለው ጥቅም አለው። ሐሰተኛውን የቀረጸው ሰው ብዙ ጊዜ ፊደሉን አያነብም። "ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ" የሚለውን በመነጽር ፊደል በፊደል ያንብቡ። የ"ሠ" እግሮች ስንት ናቸው? የ"ጵ" ቅጥያ ቦታውን ይዟል? በቃላት መካከል ያሉት ሁለት ነጥቦች ተለያይተው ይታያሉ ወይስ ተጣብቀው አንድ ጭረት ሆነዋል? ዓመቱ ላይ ይቆዩ፦ ፲፰፻፹፯ ወይም ፲፰፻፹፱ የሚለው ላይ የ"፹" ራስና የመጨረሻው ቁጥር እግር ቅርጽ ሐሰተኛው ቶሎ የሚሰናከልባቸው ናቸው። አንበሳው የሚያነሣው የፊት እግር በመጀመሪያዎቹና በኋላ በተመቱት መካከል ይለያያል፤ ስለዚህ ሳንቲሙን የሚያስተያዩት ከዚያው ዓመት ፎቶ ጋር ብቻ ይሁን። በፓሪስ የተመታው ላይ የመምቻ ቤቱን "ኤ" ፊደልም ይፈልጉ።

አንድ የመጨረሻ ዘዴ አለ፣ ደረጃ ሰጪዎችንም ያታለለው እሱ ነው። ሐሰተኛ ሠሪው አንድ እውነተኛ ሳንቲም ወስዶ ቅርጹን ወደ መምቻ ብረት ይገለብጠዋል፤ ከዚያ በጥሩ ብረት ላይ ይመታል። ክብደቱም ማዕዘኑም ያምራል። ነገር ግን የእናቲቱ ሳንቲም ጭረትና ጉድጓድ አብሮ ይገለበጣል። ሁለት "የተለያዩ" ሳንቲሞች አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ጉድጓድ ካላቸው፣ ጉድጓዱም ውስጡ እንደ ሜዳው የለሰለሰ ከሆነ፣ ቢያንስ አንዱ ሐሰተኛ ነው። በአሜሪካ የጥንት የመዳብ ሳንቲሞች ላይ እንዲህ ዓይነቶቹ በስመ ጥር ድርጅቶች ማሸጊያ ውስጥ ሳይቀር ተገኝተዋል። የተጋለጡትም በመሣሪያ አይደለም፤ የሽያጭ ፎቶዎችን ጎን ለጎን እያስቀመጡ ጉድጓድ በሚያስተያዩ ሰብሳቢዎች ዓይን ነው። ከአንድ ሻጭ ሁለት ሦስት የምኒልክ ብር ሲቀርብልዎ መጀመሪያ እርስ በርስ ያስተያዩዋቸው።

ደረጃ ሰጪዎቹ

የታወቁት ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. እና ኤን.ጂ.ሲ. ናቸው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1986፣ ሁለተኛው በ1987 ሥራ ጀመሩ። ከእነሱ የሚቀድመው አናክስ በ1972 ሲጀምር የሚመረምረው እውነተኛነትን ብቻ ነበር፤ ደረጃ መስጠቱ በኋላ የመጣ ነው። የሚጠቀሙበት ከ1 እስከ 70 ያለው መለኪያ በ1949 ዊልያም ሼልደን ለአሜሪካ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው። 60 እና ከዚያ በላይ በገበያ ላይ ያልዋለ፣ ከ50 እስከ 58 በጥቂቱ የተነካ፣ 40 እና 45 በመጠኑ የተላጠ፣ ከ20 እስከ 35 ደግሞ በግልጽ ያረጀ ነው። በእኛ አገር እጅ ለእጅ የዞረ ብር አብዛኛው ከ12 እስከ 40 መካከል ይወድቃል።

ሥራው እንዲህ ነው። ሳንቲሙ የባለቤቱ ስም ሳይታይ ከአንድ በላይ ባለሙያዎች ፊት ይቀርባል፤ እያንዳንዱ በመብራት ሥር ጥቂት ሴኮንድ አይቶ ቁጥር ይሰጣል፤ ይስማማሉ፣ ይታሸጋል። ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ድርጅቱ የሚከፍልበት ዋስትና አለ። ለዚህ ነው "እውነተኛ ነው" የሚለው ቃላቸው ክብደት ያለው፤ ሲሳሳቱ ከኪሳቸው ይወጣል። ዋስትናው ግን ማሸጊያው ሲከፈት ይቋረጣል፣ የጽሕፈት ስህተትንም አይሸፍንም። በኢትዮጵያ ሳንቲም ላይ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ተራ ነገር አይደለም። የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር በግዕዝ ነው፣ መለያ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ወደ አውሮፓ ቁጥር ተቀይሮ ነው። ወረቀቱ 1889 ብሎ ሳንቲሙ ፲፰፻፹፯ ካለ የሚታመነው ሳንቲሙ ነው።

ደረጃው ላይ ግን ያንኑ ሳንቲም አውጥቶ በድጋሚ ሲልኩት 58 የነበረው 61፣ 63 የነበረው 62 ሆኖ መመለሱ የታወቀ ነው። በቁጥር መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ከፍ ያለ ቁጥር እስኪያገኝ ደጋግሞ የሚልክ ነጋዴ ሞልቷል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1990 ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ.ን ከስሶ በስምምነት ያለቀው ጉዳይ በዚሁ ላይ ነበር፤ ደረጃ አሰጣጡ ወጥና ከግል አስተያየት ነጻ ነው ብሎ ማስተዋወቁን ኮሚሽኑ አልተቀበለውም። በአንድና በሁለት ነጥብ ልዩነት ላይ ትልቅ ገንዘብ አያስይዙ።

ከጅማ የሚላክ ሳንቲም የሚገጥመው ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፤ መታጠቡ። በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በአሸዋ የተፈተገ ብር ዓይን ሲያየው ያብለጨልጫል። በመነጽር ሲያዘነብሉት ግን በአንድ አቅጣጫ የሚሮጡ ሺህ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። ድርጅቶቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ቁጥር አይሰጡም፤ "እውነተኛ ነው፣ ታጥቧል" ብለው ይጽፉበትና ዋጋው ይወርዳል፣ የከፈሉት የምርመራ ክፍያ ግን አይመለስም። የተበሳውና የተበየደውም ዕጣው ያው ነው። ስለዚህ አሮጌ ብር እጅዎ ሲገባ ጥቁረቱን ይተዉለት። ቅባትና ፕላስቲክ ትቶበት የሄደውን አረንጓዴ ዝቃጭ ለማስለቀቅ ብቻ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ሳይፈትጉ ማውጣት ይቻላል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሌላ ነገር ስለሚቀላቀልበት አይሆንም። ያንን ዝቃጭ የሚያመጣው ለስላሳው የፕላስቲክ ኪስ ነው፤ የጅማ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል፤ በደረቅ ወረቀት ፖስታ ማስቀመጥ ይሻላል።

በማሸጊያ የመጣልዎን ሳንቲም ሲገዙ ደግሞ ማሸጊያውም ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል ይወቁ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ገደማ ጀምሮ ሐሰተኛ ማሸጊያዎች በገበያ ላይ ናቸው። መለያ ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገብቶ "አለ፣ ትክክል ነው" ማለት አይበቃም፤ ሐሰተኛ ሠሪው ቁጥሩን የሚቀዳው ከእውነተኛ ማሸጊያ ላይ ነው። የሚያዋጣው ድርጅቱ ያነሣውን ፎቶ ከፍቶ አንድ ጭረት መርጦ በእጅ ካለው ሳንቲም ላይ ያንኑ ጭረት መፈለግ ነው። ጭረቱ ከሌለ ግዢው የለም። ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. ከ2020 ወዲህ በስልክ የሚነበብ ቺፕ በማሸጊያው ውስጥ ማስገባት ጀምሯል፤ የቆዩት ግን የላቸውም። ስሙ የማይታወቅ ድርጅት ለሁሉም 69 እና 70 እየሰጠ የሚያሽገውን ፕላስቲኩን ብቻ እንደገዙ ይቁጠሩት።

ለተራ ጠገራ መላኩ አያዋጣም ባዮች ነን። የአባልነት፣ የምርመራ፣ የመላኪያና የመመለሻ፣ የኢንሹራንስና የጉምሩክ ወጪው ሲደመር ሳንቲሙ ከያዘው 23.39 ግራም ብር ዋጋ አልፎ ይሄዳል። ድርጅቶቹም በብዛት "1780፣ ድጋሚ ምት" ብለው ነው የሚጽፉት፤ ሮም ይሁን ለንደን የትኛው መምቻ ቤት እንደሆነ የሚለይ መልስ ጠብቆ የላከ ሰው ያዝናል። መላክ የሚገባው ያልታጠበ፣ ያልተበሳ፣ ሜዳው ላይ የመጀመሪያ ብልጭታው የቀረለት የምኒልክ ብር ነው።

ከመላክዎ በፊት ግን ፈቃድ ይጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል፤ አሮጌ ገንዘብ "ለምርመራ ብቻ" ተብሎ በፖስታ ሲወጣ ጉምሩክ ላይ የሚያዘው በዚህ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ለቅርስ ባለሥልጣን ነው። የአክሱም ሳንቲም ከሆነ ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል፤ በቁፋሮም ሆነ በአጋጣሚ ከመሬት የተገኘ ለመንግሥት መነገር አለበት። ስለዚህ "ከገበሬ ማሳ የወጣ ነው" እያለ የሚሸጥልዎ ሰው እውነቱን ከሆነ ሕግ አስጥሶዎታል፣ ውሸቱን ከሆነ ሐሰተኛ ሸጦልዎታል።

ፈቃዱ ተገኝቶ የሚልኩ ከሆነ የሳንቲሙን ሁለቱን ፊትና ጠርዙን በአራት አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ አጠገቡ ማስመሪያ ይኑር። ክብደቱን፣ የውኃውን ንባብና ጥግግቱን በወረቀት ጽፈው ቀኑን ያስፍሩበት። ሲመለስ ማሸጊያውን ሳይከፍቱ አንድ ጭረት መርጠው ከራስዎ ፎቶ ጋር ያስተያዩ፤ የላኩት ሳንቲም መመለሱን የሚያረጋግጥልዎ ይህ ነው።